ኤፕሰን ቪ600 ስካነር፦ ለጥቁር አሜሪካውያን የሰፈር ታሪክ ምን ያህል ይበቃል?

የጥቁር አሜሪካውያን የሰፈር ታሪክ ብዙው ክፍል በትልልቅ ቤተ መዛግብት አይገኝም። ያለው በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት በተቀመጠ ካርቶን፣ በአያቶች አልበም፣ በቀብር ዕለት በሚታደል ፕሮግራም ውስጥ ነው። ይህን ወደ ዲጂታል ለመለወጥ የተነሣ ኮሚቴ መጀመሪያ የሚጠይቀው የትኛውን ስካነር እንደሚገዛ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቆምለትም ኤፕሰን ፐርፌክሽን ቪ600 ነው። ጥቆማው ጥሩ ነው። ችግሩ ማሽኑ በአውቶማቲክ ሲሠራ በተለይ ይህን ዓይነት ስብስብ መጉዳቱ ነው።

በመጀመሪያ የሚመሰገንበትን እንይ። ቪ600 የሚሠራው ሲሲዲ በተባለ የብርሃን ሴንሰር ስለሆነ ከመስታወቱ ጥቂት ሚሊሜትር ከፍ ያለውንም ነገር አጥርቶ ያነሣል። ስስና ርካሽ ስካነሮች የሚጠቀሙበት ሲአይኤስ የተባለው ሴንሰር ግን መስታወቱን በደንብ ያልነካውን ሁሉ ያደበዝዛል። ልዩነቱ የሚታየው የቤተ ክርስቲያን የምሥረታ በዓል መጽሔት መሐሉ አልተኛ ሲል፣ ወይም ፎቶው ከፍሬሙ መስታወት ጋር ተጣብቆ ሲመጣ ነው። የተጣበቀ ፎቶ በጭራሽ አይላጥም፤ የምስሉ ቆዳ መስታወቱ ላይ ይቀራል። ከነመስታወቱ ይነሣ። ገጹ ላይ ሙጫ ባለው አልበም የተጣበቀውም እንዲሁ፣ መጀመሪያ ከነገጹ ነው የሚነሣው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ሰዎቹ የፊት ገጽታ እንምጣ። የመዘምራን ቡድን ፎቶ አስቡ፤ ነጭ ካባ፣ ጠቆር ያለ ቆዳ፣ ከኋላ ጥቁር መጋረጃ። ሶፍትዌሩ በራሱ ብርሃን ሲመጥን ምስሉን «ደማቅ» ለማድረግ የጥላውን ጫፍ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ከ0 እስከ 255 ባለው መለኪያ ጥላው 30 ላይ ከተቆረጠ፣ ከ30 በታች ያለው ሁሉ ድፍን ጥቁር ይሆናል። የጉንጭ ቅርጽ፣ የጸጉር አሠራር፣ የኮት ኮሌታ ያለው ደግሞ እዚያው ነው። ከፋይሉ አንዴ የጠፋ በኋላ በየትኛውም ፕሮግራም አይመለስም። የቀለም ፎቶ ሲሆን ነገሩ ይብሳል፤ የፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ለብዙ ዓመታት ቀለም የሚያስተካክሉት የነጭ ሴት ምስል ባለበት «ሸርሊ ካርድ» በተባለ መለኪያ ስለነበር፣ ብዙ ፎቶዎች ገና ከመጀመሪያው የጠቆረ ፊት ይዘው ነው የወጡት። የቀረውን ስካነሩ ሊወስደው አይገባም።

ስለዚህ የኤፕሰን ስካን ፕሮግራም ሲከፈት «ፕሮፌሽናል ሞድ» ይመረጥ። ከዚያ ማስተካከያው ውስጥ የቀለም ገጹን ከፍቶ ተከታታይ የብርሃን መመጠኛውን ማጥፋት ነው። የምስሉን ጥላና ብርሃን በግራፍ የሚያሳየው ሂስቶግራም ላይ የጥላው ቀስት ግራፉ ከሚነሣበት በስተግራ፣ የብርሃኑ ቀስት ደግሞ ከሚያበቃበት በስተቀኝ መቆም አለበት። ፈዘዝ ያለ፣ ዓይን የማይማርክ ምስል ይወጣል። እንደዚያ ነው መሆን ያለበት! ማሳመሩ በቅጂው ላይ ይደረጋል። የምስሉን ጠርዞች የሚያጎላው «አንሻርፕ ማስክ» ሳይታዘዝ በርቶ ይጠብቃል፤ እሱም ይጥፋ። ቅድመ ዕይታው በትንንሽ ምስሎች መልክ ከሆነ ፕሮግራሙ ጠርዙን በራሱ ይቆርጣል፤ የስቱዲዮው ማኅተም የሚገኘው ግን ጠርዙ ላይ ነው። «ኖርማል» የሚለውን መርጦ ዙሪያውን ትንሽ ባዶ መተው ይሻላል።

ሣጥኑ ላይ በጉልህ የተጻፈው 6400 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚነበቡ ነጥቦች ብዛት) አያጓጓችሁ፤ ፊልም ላይ በተግባር ሲለካ ወደ 1600 ገደማ ነው የሚደርሰው። ለታተመ ፎቶ 600 ዲፒአይ ይበቃል፤ በኪስ ቦርሳ ለሚያዙ ትንንሽ ፎቶዎች 1200። ጥቁርና ነጭ ፎቶም ቢሆን በቀለም ይነሣ፤ ቡናማው ቃናና ቢጫው እድፍ ራሳቸው መረጃ ናቸው። 8 በ10 ኢንች የሆነ ፎቶ በ600 ዲፒአይና በ24 ቢት የቀለም ጥልቀት ሲነሣ 86 ሜጋባይት ያህል ነው፤ በ48 ቢት እጥፉ። ሃርድ ድራይቭ ሲገዛ ይህ ይታሰብ። ዋናው ፋይል ምስሉን ሳይቀንስ የሚይዘው ቲፍ ይሁን፤ የሚያሳንሰው ጄፔግ ለማጋሪያ ነው።

አቧራና ጭረት ያጠፋል የሚባለው ዲጂታል አይስ ፊልም ላይ የሚሠራው በኢንፍራሬድ ጨረር ሲሆን፣ በተለመደው ጥቁርና ነጭ ኔጋቲቭ ላይ አይሆንም፤ ፊልሙ ውስጥ ያለው የብር ማዕድን ጨረሩን ስለሚጋርደው ጤነኛውን ምስል እንደ ጭረት ይቆጥረዋል። ይልቅ ንፋስ የሚተፋ የጎማ ፓምፕ ግዙ።

የቀብር ፕሮግራሞች ለብቻቸው ሊነገርላቸው ይገባል። ከባርነት ነጻ የወጡት በአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ላይ በየስማቸው የተመዘገቡት ገና በ1870 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት የዘር ሐረግ መከተል እጅግ ይከብዳል። ፕሮግራሙ የትውልድ ቦታን፣ የወላጆችን ስም፣ ቤተ ክርስቲያኑንና የመቃብሩን ስፍራ አንድ ላይ ይዞ ይገኛል። የአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞችን ለሕዝብ ከፍቶ ማስቀመጡ ያለ ምክንያት አይደለም። ሲነሡ የዛገ ስቴፕል በስስ ብረት ቀስ ተብሎ ይነሣና ገጾቹ በቅደም ተከተል ይሄዳሉ። ወረቀቱ ስስ ከሆነ የኋላው ጽሑፍ ወደ ፊት ያልፋል፤ ከነጩ ክዳን በታች ጥቁር ወረቀት ሲደረግ ይጠፋል። በነጠብጣብ የታተመ ፎቶ ላይ መረብ የመሰለ ሞገድ ከታየ የሶፍትዌሩን ማለስለሻ ዋናው ፋይል ላይ አትጠቀሙ። ደግሞም ቅርብ ጊዜ የታተሙት በሕይወት ያሉ ዘመዶችን ስም፣ አንዳንዴም አድራሻ ይይዛሉ፤ ድረ ገጽ ላይ ከመውጣታቸው በፊት ቤተሰቡ ይጠየቅ።

የፎቶው ጀርባ ከፊቱ እኩል ነው፤ ሁለቱም ይነሡ፤ የፋይሉ ስምም አንድ ሆኖ መጨረሻው ላይ ሀ እና ለ ብቻ ይለይ። ስም የሚያውቁ ሽማግሌዎች ካሉ ቃላቸው ያኔውኑ ይመዝገብ። ሦስት ቅጂ ይኑር፤ አንዱ ሌላ ሕንፃ ውስጥ። ባለቤቱ ፎቶውን በዕለቱ ይዞት ቢሄድ ይመረጣል፤ የሚፈርመው ወረቀት ላይ ግን ምስሉ የት እንደሚታይ በግልጽ ይጻፍ። ፎቶው የቤተሰብ ሆኖ ሳለ የማሳተም መብቱ የፎቶ አንሺው ሊሆን እንደሚችልም አይዘንጋ። አሜሪካ ውስጥ ለሕዝብ ታትሞ ከወጣ 95 ዓመት ያለፈው ነጻ ነው።

ቪ600 የማይችለው ምንድን ነው? የመስታወቱ ስፋት 216 በ297 ሚሊሜትር ነው። እንደ ፒትስበርግ ኩሪየር ያለ ሰፊ የጥቁር አሜሪካውያን ጋዜጣ አይገባም፤ ረጅም የጉባኤ ፓኖራማ ፎቶም እንዲሁ። ተጠቅልሎ የደረቀ ፓኖራማ በኃይል ሲዘረጋ ይሰነጠቃል፤ በባለሙያ ቀስ ብሎ እርጥበት ይሰጠውና በካሜራ ከላይ ይነሣ። የፊልም መብራቱ ደግሞ ጠባብ ነው፤ የ35 ሚሊሜትር ፊልም 12 ምስል በአንዴ ይወስዳል፣ ከዚያ ሰፋ ያለውን መካከለኛ ፊልምም ይችላል፣ 4 በ5 ኢንች ኔጋቲቭ ግን አይችልም። ለፒትስበርግ ኩሪየር ያነሣ የነበረው ቻርልስ «ቲኒ» ሀሪስ በስፒድ ግራፊክ ካሜራ የሠራው በዚሁ 4 በ5 ነው፤ የየከተማው የጥቁሮች ስቱዲዮ ካርቶንም ሲከፈት ብዙ ጊዜ የሚገኘው እንዲህ ያለው ትልቅ ኔጋቲቭ ነው። ካርቶናችሁ እንዲህ ከሆነ እስከ 8 በ10 ኢንች ፊልም የሚያነሣውን ቪ850 ግዙ፤ ዋጋው በብዙ ይበልጣል፤ ለጥቂት ኔጋቲቭ ብቻ ከሆነ ግን ማሽኑ ካለው ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ጋር መነጋገር ይሻላል።