አዳማ ያሠራነው የካምፒንግ ተሳቢ፦ አንድ ክረምት ካለፈበት በኋላ

የካምፒንግ ተሳቢ፣ ማለትም መኪና የሚጎትተው የማደሪያ ቤት፣ ልትገዙ ካሰባችሁ ውስጡን መጨረሻ ላይ እዩት። አልጋው፣ መጋረጃው፣ የምታምረዋ ምድጃ የትም አይሄዱም። መጀመሪያ ከስር ግቡና ሻንሲውን፣ ሁሉን የተሸከመውን ብረት፣ ተመልከቱ። ከዚያ ጣሪያው ላይ በጎማ ቱቦ ውሃ ይፍሰስበት። ሻጩ ከሁለቱ አንዱን እንኳን ካልፈቀደ ሌላ ጥያቄ አያስፈልግም፣ ውጡ።

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ሐዋሳ ነው። ወፍ ለማየት የሚመጡ እንግዶችን ይዘን ላንጋኖ፣ ወንዶ ገነት፣ ባሌ፣ አንዳንዴም እስከ ያቤሎ እንሄዳለን። ዝናብ ላይ ድንኳን መትከልና መንቀል ሲያንገሸግሸን ነው ፒክአፓችን የሚጎትተው ነገር መፈለግ የጀመርነው፤ ሁለት ሰው የሚያስተኛ፣ ከኋላው ኩሽና ያለው፣ ብዙ ያልከበደ። የካቲት ላይ ተረከብን፣ አሁን ጥር ነው። ፒስታውንም፣ ጭቃውንም፣ ውርጩንም ስላየ አሁን ደፍሬ መናገር እችላለሁ።

በመጀመሪያ ያየነው ከውጭ የገቡ ያገለገሉ ተሳቢዎችን ነው። አዲስ አበባ ያሳዩን የአሜሪካ ስሪት ነበር። ከሩቅ ልብ ይሰርቃል። ጠጋ ብዬ ከመስኮቱ ስር ግድግዳውን በአውራ ጣቴ ስጫነው ግን ወደ ውስጥ ሰመጠ። የዚህ ዓይነቶቹ ግድግዳ በስስ ኮምፔርሳቶ (ተደራርቦ በተጣበቀ ስስ እንጨት) ላይ የተለጠፈ ፋይበርግላስ ነው። ውሃ አንዴ በጣሪያው መጋጠሚያ ከገባ ኮምፔርሳቶው ይበሰብስና ልባጡ ይላቀቃል፣ ከውጭ ሲታይ ያበጠ ይመስላል። ያንን መጠገን ማለት ግድግዳውን በሙሉ ማውረድ ማለት ነው። በላዩ ላይ ትኩስ ሲሊከን ተለቅልቆበት ነበር። አሮጌ ተሳቢ ላይ አዲስ ሲሊከን ስታዩ ከስሩ ምን እንዳለ ጠይቁ።

ጎማው ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ገና አልተነካም። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት ቁጥሮች ግን 2314 ይላሉ። በፈረንጆቹ 2014 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። ቆሞ የኖረ ጎማ በጥርሱ አይመዘንም፤ ላስቲኩ ይደርቅና ሙቀትና ጭነት ሲያገኘው ይፈነዳል።

ኤሌክትሪኩም ሌላ ጣጣ ነው። የአሜሪካ ተሳቢ የሚሠራው ለ120 ቮልት ነው፣ የኛ መስመር 220 ነው። ቻርጀሩንም ኤሲውንም ወይ ትቀይራላችሁ ወይ ትራንስፎርመር ተሸክማችሁ ትዞራላችሁ። ፍሬኑም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለነበር መኪናችን ውስጥ መቆጣጠሪያ ካልተገጠመለት የተሳቢው ፍሬን አይዝም። የአውሮፓዎቹ በዚህ ይሻላሉ፤ መኪናው ሲይዝ ተሳቢው ከኋላ በሚገፋው ግፊት ራሱ ፍሬኑን ይስባል። ይሄ የአሜሪካው የሚጎተትበት ኳስ ደግሞ 2 ኢንች፣ ማለትም 50.8 ሚሊሜትር ነው። የአውሮፓው 50 ነው። ልዩነቱ አንድ ሚሊሜትር ስለማይሞላ ሰው ይንቀዋል፣ ነገር ግን የአሜሪካውን መያዣ በ50ው ኳስ ላይ ብታስቀምጡት ልል ይሆናል፣ ጉድጓድ ላይ ዘሎ ሊወጣ ይችላል።

ይሄን ሁሉ እንኳን እንቻለው ብንል ሻጩ አላስቻለንም። ሊብሬውን አሳየን ስንለው «በሂደት ላይ ነው፣ ቀብድ አስይዙና እንጨርሰዋለን» አለን። ጣሪያው ላይ ውሃ እናፍስ ስንለው ተቆጣ። አመስግነን ወጣን።

አዳማ ወዳለው ጋራዥ የላከን ጎሚስታችን ነው። የጅቡቲ መንገድ የሚያልፍባት ከተማ ስለሆነች የከባድ መኪና ተሳቢ የሚሠራና የሚጠግን እጅ አዳማ ላይ አይጠፋም። የጋራዡ ባለቤት በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። የሥራቸውን ፎቶ ያሳዩኛል ብዬ ስጠብቅ «ልጄ፣ ላሜራ ካለበስኩት በኋላ መጥተሽ ብታዪው ምን ታያለሽ? ሳይለብስ ነይ» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ቀብዱን የከፈልኩት ለዚህች ቃል ነው።

ደውለው ጠሩን፣ ሄድን። ያየሁትን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እናንተም ማየት ያለባችሁ ይሄንኑ ነው። ብየዳው እዚህም እዚያም በነጥብ የተነካካ ሳይሆን መጋጠሚያውን ዙሪያውን የያዘ ነው። የተበየደበት ቦታ ተጠርጎ አንቲረስት ተቀብቷል። መጎተቻው ክንድ ከፊተኛው ብረት ጋር ተጣብቆ የቀረ አይደለም፤ በሻንሲው ስር አልፎ እስከ ባሌስትራው፣ ጎማው ጋ ምቱን እስከሚያበርደው ብረት፣ ድረስ ይሄዳል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ክንዱ ፊት ላይ ብቻ ከተበየደ የመንገዱ ምት ሁሉ እዚያች መስመር ላይ ያርፋል፣ የሚሰነጠቀውም እዚያው ነው። ወለሉ ቺፕውድ ሳይሆን ወፍራም ኮምፔርሳቶ ነው፣ ከስሩም ተቀብቷል።

ጎማ፣ ቸርኬና ቡሎን ከፒክአፓችን ጋር አንድ እንዲሆኑ ጠየቅናቸው፣ አደረጉት። ስለዚህ አንድ ቅያሪ ጎማ ለሁለቱም ይሆናል። ኩሽኔታውም፣ ጎማው የሚሽከረከርበት ማለት ነው፣ ገበያ ላይ የሚገኝ የመኪና ኩሽኔታ ነው፣ ሻሸመኔ ላይ ቢበላሽ ሻሸመኔ ላይ ይገዛል። ከውጭ የገባ ቆንጆ ነገር ይዛችሁ አንዲት ኩሽኔታ አጥታችሁ ዶዶላ ላይ መቆም ምን እንደሚመስል አስቡት።

የውሃ ሮቶው የት ይቀመጥ የሚለው ላይ ብዙ ተነጋገርን። 100 ሊትር ውሃ 100 ኪሎ ነው። ከጎማው ኋላ ከሄደ ተሳቢው ፍጥነት ላይ ጭራውን መወዝወዝ ይጀምራል፣ ከጀመረ ደግሞ መኪናውን ጭምር ይዞ ይሄዳል። ከጭነቱ 60 በመቶ ያህሉ ከጎማው ፊት መሆን አለበት። ስለዚህ ኩሽናው ኋላ ስለሆነ ሮቶውና ባትሪው ፊት ገቡ። ጋንቾው (መኪናው ላይ ያለው መጎተቻ) ላይ የሚያርፈውን ክብደት አሁንም በሰው ሚዛን እለካዋለሁ፦ ሚዛኑ ላይ እንጨት አቁሞ የተሳቢውን አፍንጫ ማሳረፍ ነው። ተጭኖ 900 ኪሎ ለሚሆን እንደኛ ዓይነት ተሳቢ 90 ኪሎ አካባቢ ካሳየ ጥሩ ነው።

ሰውየው ባዶ ክብደቱንና የሚችለውን ጭነት በወረቀት ጽፈው ፈርመው ሰጡን። የሻንሲ ቁጥሩንም አሳዩን። በመጨረሻው ቀን ጣሪያው ላይ ውሃ የምናፈስበትን ቱቦ ያቀረቡት ራሳቸው ናቸው።

ቅሬታ የለኝም ማለት ግን አይደለም። ከተባለው ቀን በጣም ዘገዩ። «በሚቀጥለው ሳምንት» የሚለውን ስሰማ ቆይቼ እንግዶቻችንን ሌላ ቦታ ለማሳደር ተገደድን፣ ከኪሳችን ወጣ። ውል ስትጽፉ የማስረከቢያ ቀንና የመዘግየት ቅጣት አስገቡ። ዋጋውን ያልጻፍኩት ለመደበቅ አይደለም፤ ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የብረትና የላሜራ ዋጋ አንድ ቦታ አልቆም ስላለ ነው፣ የኔን ይዛችሁ ብትሄዱ ትጣላላችሁ።

አሁን ወደ መንገዱ። ተሳቢውን ይዘን በወጣን ቁጥር መንገድ ላይ ቆመን ቡሎኖቹን እናጠብቃለን፣ ጎማው መሃል ላይም እጅ እናሳርፋለን። ሞቅ ማለት ያለ ነው። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ግን ኩሽኔታው ግራሶ አጥቷል ወይም በጣም ጠብቋል። ከያቤሎ መልስ የግራው ሞቆ አገኘነው፣ እዚያው ተፈትቶ ግራሶ ተሞላ፣ ከዚያ ወዲህ ችግር የለም።

ሐምሌ ላይ ወንዶ ገነት አድረን ከመስኮቱ ጥግ ውሃ ገባ። ብዙ አይደለም፣ ፍራሹን ያረጠበ ብቻ ነው። አዳማ ስደውል ሰውየው አልተከራከሩም። ይዘሽው ነይ አሉ፣ መስኮቱን አውጥተው ከስሩ ያለውን ላስቲክ ቀየሩ፣ አንድ ብር አልተቀበሉም። በላዩ ላይ ሲሊከን ለቅልቀው ሊሸኙኝ ይችሉ ነበር። የሻጭ ታማኝነት ከተከፈለው በኋላ ስልክ ሲያነሳ ነው የሚታየው፣ እኔ ሌላ መለኪያ አላውቅም።

ባሌ፣ ዲንሾ ላይ የገጠመን ደግሞ የማንም ጥፋት አይደለም። ቦታው 3,000 ሜትር ያልፋል፣ ሌሊቱ ይቆረጥማል። ሁለት ሰው ተዘግቶ ሲተነፍስ እንፋሎቱ በቀዝቃዛው ላሜራ ጣሪያ ላይ ውሃ ሆኖ ንጋት ላይ ይንጠባጠባል። መፍትሄው ብርድ ቢሆንም መስኮት በትንሹ ከፍቶ መተኛት ነው። ጣሪያውን ከውስጥ ፎም ስናስለጥፈው ደግሞ ጨርሶ ቀረ ባይባልም በጣም ቀነሰ። በብርድ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊትም ይወርዳል፣ የጋዙ ነበልባል ይደክማል። እዚያው ባሌ፣ ሳነቴ አምባ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ውሃ ከ90 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ ባቄላም ምስርም አይሞከርም። ሽሮና ቂንጬ ይዛችሁ ውጡ፣ ወይ ፕሬዠር ኩከር ይኑራችሁ።

እስካሁን ያልተፈታልን አቧራው ነው። ፒስታ ላይ ስንሄድ ከተሳቢው ኋላ አየሩ ስለሚሳሳ አቧራውን በኋላው በር ክፍተት ስቦ ያስገባዋል፣ ኩሽናው ያለውም እዚያው ነው። የበሩን ላስቲክ ሁለት እጥፍ አድርገናል። የጣሪያውን ማናፈሻ ወደ ፊት አዙረን ከፍተን ስንሄድ አየር ከፊት እየገባ ከውስጥ ስለሚገፋ ይሻላል። ግን ስኒዎቹን አሁንም ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ አጥባለሁ።

እንደገና ባሠራ እዚያው አዳማ እመለሳለሁ። የምለውጠው በሩን ነው። ከኋላ አንስቼ በቀኝ ጎን አደርገዋለሁ፤ አቧራው ይቀንሳል፣ መንገድ ዳር ስንቆምም እንግዶቹ የሚወርዱት መኪና በሚያልፍበት ሳይሆን በሳሩ በኩል ይሆናል።