ኮቱ ጎበዝ፣ ጉርዱ ሰነፍ

ለሥራ ብዬ ኮትና ጉርድ ታየር ገዛሁ። ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ሱፉ ፖሊስተር ተቀላቅሎበታል። ተሰፍቶ ያለቀ ስለሆነ ለክቼ ነው የወሰድኩት።

እኔ መጀመሪያ የማየው ትከሻውን ነው። ወገብ ይጠባል፣ እጅጌ ያጥራል። ትከሻ ግን አንዴ ከሰፋ ጣጣ ነው፤ እጅጌው ተፈትቶ እንደ አዲስ መገጠም አለበት፣ ልብስ ሰፊውም ደስ አይለውም። የዚህ ኮት ስፌት ልክ ትከሻዬ የሚያልቅበት ላይ ያርፋል። ትከሻው ውስጥ የሚገባው ስፖንጅም ስስ ነው። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ታየር ለብሰው የተነሱትን ሴቶች ፎቶ ያየ ሰው ደስታዬ ይገባዋል፤ አንዳንዶቹ በር የሚያልፉት በጎን ይመስለኛል።

ገበሩም ተለፍቶበታል። ጀርባው መሐል ላይ ትንሽ እጥፋት ትተውለታል፤ እጅ ወደፊት ሲዘረጋ እንዳይወጥርና እንዳይተረተር ነው። ፈረንሳዊቷ የፋሽን ዲዛይነር ኮኮ ሻኔል በ1954 እ.ኤ.አ. ወደ ሥራ ከተመለሰች በኋላ ታዋቂ ያደረገቻቸው ኮቶች በውስጥ በኩል ግርጌያቸው ላይ ቀጭን ሰንሰለት ይሰፋባቸዋል፤ ክብደቱ ኮቱን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። የኔ ሰንሰለት የለውም። ግን ግርጌው ሰፋ ተደርጎ ስለታጠፈ ስነሳ ስቀመጥ ወደ ላይ አይሰቀልም።

ኪሱ ግን አናደደኝ። ክዳኑን ሳነሳው ከሥሩ ምንም የለም! ስልኬን የት ላድርገው?

አሁን ወደ ጉርዱ። ያው ጨርቅ፣ ያው ቀለም፣ ግን ሌላ ሰው የሰፋው ነው የሚመስለው። ገበር የለውም። ስለዚህ ስራመድ ስቶኪንጉ ላይ እየተጣበቀ ይሰበሰባል። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ከኋላው ተነፍቶ ቅርፁን ያጣል። ስንጥቁ ጫፍ ላይ ማጠናከሪያ ስፌት ስላልተደረገለት ብዙም ሳይቆይ መተርተር ጀመረ። ገበር ማስገባትም ስንጥቁን ማጠንከርም ለልብስ ሰፊ ከባድ ሥራ አይደለም፤ እኔም አሠርቼዋለሁ። ግን አዲስ ልብስ ገዝቶ በቀጥታ ወደ ልብስ ሰፊ መሮጥ ምን ይሉታል? ኮቱ ለብቻው ቢሸጥ ኖሮ እሱን ብቻ ይዤ እሄድ ነበር።

ለምትገዙት አንድ ነገር ልጨምር። ላውንደሪ ስትሰጡ ሁለቱንም አንድ ላይ ስጡ። ጉርዱ ቶሎ ስለሚቆሽሽ እሱን ብቻ መላክ ያምራል፤ ሲደጋገም ግን ቀለሙ ከኮቱ ይለያል።