ቡቺን ብቻ ሳይሆን እኔንም ላዩኝ ሐኪም

ውሻዬ ቡቺ ከሞተ ስድስት ሳምንት ሆነው። ምስጋናዬን እስከ ዛሬ ያዘገየሁት የሐኪሙን ውለታ ረስቼ አይደለም፤ የቡቺን ስም ልጽፍ ስል እጄ እየታሰረ እንጂ።

የ13 ዓመት ውሻ ነበር። ውኃ አብዝቶ መጠጣት ሲጀምር የጤና መስሎኝ ደስ አለኝ፤ ሲከሳ ግን ደነገጥኩ። መጀመሪያ የወሰድኩት ቦታ የደም ምርመራውን ውጤት ሰጡኝና «አርጅቷል፤ ሌላ ቡችላ ይፈልጉ» ብለው ሸኙኝ። ምርመራው ልክ ነበር፤ ኩላሊቱ ደክሟል። አነጋገሩ ግን እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል።

ከዚያ ነው ወደ እኚህ ሐኪም የሄድነው። ቡቺን ጠረጴዛ ላይ አላወጡትም። ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ እስኪያሸታቸው ድረስ ጠበቁት፤ ትኩር ብለው እንኳ አላዩትም (ለማያውቃችሁ ውሻ አፍጥጦ ማየት ዛቻ ነው)። ልቡን ያዳመጡት ራሱ ተጠግቷቸው ከተኛ በኋላ ነው። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩና «እርስዎስ እንቅልፍ ይወስድዎታል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ቀደም ብዬ ባመጣው ኖሮ እያልኩ ራሴን ስወቅስ፣ የዚህ ሕመም ምልክት ጎልቶ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ከኩላሊቱ አቅም ሁለት ሦስተኛው ገደማ ከጠፋ በኋላ መሆኑን አስረዱኝ። ከቆዳ ሥር ፈሳሽ መስጠትንም እጄን ይዘው አስተማሩኝ። አሜሪካዊቷ የእንስሳት ሐኪም አሊስ ቪላሎቦስ ያዘጋጁትን መመዘኛም ሰጡኝ፦ ከሕመም እፎይታ፣ ምግብ፣ ውኃ፣ ንጽሕና፣ ደስታ፣ እንቅስቃሴ፣ ከክፉ ቀን የበዛ ደግ ቀን። እያንዳንዱ ከ10 ይታረማል፤ ድምሩ ከ35 በላይ ከሆነ መቀጠል ይቻላል። በየሳምንቱ እሞላው ነበር። አንዳንዴ ነጥብ እንደጨመርኩለት አልክድም። አራት ወር ከቆየን በኋላ 28 ላይ ወረደ፤ ያን ጊዜ ለማጭበርበርም አቅም አልነበረኝም።

የመጨረሻው ቀን ሁሉንም አስቀድመው ነገሩኝ። መጀመሪያ የሚያስተኛ መርፌ፣ ከዚያ ልብን የሚያቆም ከፍተኛ መጠን ያለው ማደንዘዣ። ዓይኑ እንደማይከደን፣ ከሞተ በኋላም የሚተነፍስ የሚመስል የጡንቻ መኮማተር ሊኖር እንደሚችል። የተባለው ሁሉ ሆነ። ባይነግሩኝ ኖሮ ነፍሱ ሳይወጣ የተውኩት እየመሰለኝ እቃዥ ነበር። የአንገት ማሰሪያውን ፈትተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ፤ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ደወሉ። «ለውሻ ይለቀሳል ወይ?» የሚለኝ ሰው በበዛበት ሰሞን፣ ስሙን ጠርተው ስለ እርሱ ያወሩኝ እርሳቸው ብቻ ነበሩ።

ስማቸውን እዚህ ያልጠቀስኩት ራሳቸው ስላልፈለጉ ነው፤ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ግን እጠቁማለሁ። አንድ ቅሬታ አለኝ፦ ወረፋቸው ያሰለቻል፤ ማንንም አያጣድፉማ። ስትሄዱ እንስሳችሁ የሚተኛበትን ጨርቅ ሳታጥቡ ይዛችሁ ሂዱ፤ የራሱ ሽታ ያረጋጋዋል።