ከልጅነቱ ጀምሮ አካል ጉዳተኛ ለሆነ ጎልማሳ የሚከፈለው የሶሻል ሴኩሪቲ አበል፦ ከወንድሜ ጋር ያየሁት

በአሜሪካ ከ22 ዓመት ዕድሜው በፊት በጀመረ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ምክንያት ሠርቶ ራሱን ማስተዳደር ያልቻለ ጎልማሳ፣ ወላጁ ጡረታ ሲወጣ፣ የአካል ጉዳት አበል መቀበል ሲጀምር ወይም ሲሞት፣ በወላጁ የሥራ መዝገብ ከሶሻል ሴኩሪቲ (የአገሪቱ መንግሥት የጡረታና የአካል ጉዳት መድን) ወርሃዊ አበል የማግኘት መብት አለው። ታናሽ ወንድሜ አበሉን ማግኘት ከጀመረ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል።

ትልቁ ጥቅሙ አባታችን ታክሲ ሲነዱ በኖሩበት ዘመን ሁሉ ከገቢያቸው በከፈሉት ግብር የተገኘ መብት እንጂ ለድሃ የሚሰጥ ድጎማ አለመሆኑ ነው። ወላጅ በሕይወት ካለ የሙሉ ጡረታውን ግማሽ፣ ከሞተ ደግሞ ሦስት አራተኛውን ያህል ይከፈላል፤ ለቤተሰብ የተወሰነው ጣሪያ ሊቀንሰው ቢችልም፣ ብዙዎች እንደሚሰጉት ከአባት ጡረታ ላይ አንዲት ሳንቲም አይነካም። ከ24 ወር በኋላም ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የጤና መድን ይከተላል።

እኛ ግን ሁለት ዓመት አጥተናል። ቅጽ የሚሞላልን ሰው ወንድሜ 34 ዓመቱ መሆኑን ሲሰማ «22 ካለፈው አይቀበሉትም» ብሎ መለሰን፤ ሕጉ የሚጠይቀው ግን ጉዳቱ የጀመረበትን ዕድሜ እንጂ ማመልከቻው የሚገባበትን አይደለም። አባታችን ጡረታ ላይ ስለነበሩ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ሊከፈል የሚችለው ቢበዛ የ6 ወር ነውና የቀረው ቀረ።

የማመልከቻው ቃለ መጠይቅ በነፃ በተመደበ አስተርጓሚ በአማርኛ ተደረገ። እናታችን «ልብሱን ራሱ ይለብሳል ወይ?» ሲባሉ «አዎ፣ ልጄ ምን ጎድሎት!» አሉ፤ የሸሚዙን ቁልፍ ግን በየጠዋቱ የሚቆልፉለት እሳቸው ናቸው። የልጅን ችግር ለባዕድ አለመናገር ያደግንበት ወግ ቢሆንም፣ እዚህ ላይ መሸፈኑ ልጁን ስለሚጎዳ እውነቱን በዝርዝር መናገር የግድ ነው። ከሁሉ ይልቅ የረዳን በ16 ዓመቱ የተጻፈው የልዩ ትምህርት ማኅደሩ ነበር፤ እንዲህ ያለ ወረቀት አትጣሉ።

ጉድለትም አለው። በአበሉ ምክንያት ኤስኤስአይ (ገቢና ንብረታቸው ዝቅተኛ ለሆኑ አካል ጉዳተኞችና አረጋውያን የሚሰጠው ድጎማ) ሲቋረጥ ሜዲኬድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች የሚሰጠው የጤና መድን) እንዲቀጥል የሚያደርግ ሕግ ቢኖርም፣ በአብዛኛው በስሙ ያለው ገንዘብ ከ2,000 ዶላር እንዳያልፍ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ እናታችን ዛሬም በየወሩ መጨረሻ ሂሳቡን ያያሉ። ከዚህ ይልቅ የከበደኝ፣ ተጠቃሚው ራሱ የሶሻል ሴኩሪቲ አበል የማይቀበል ሰው ካገባ አበሉ የሚቋረጥ መሆኑ ነው። ጎጆ ልቀልስ ያለን ሰው ከመተዳደሪያውና ከትዳሩ አንዱን እንዲመርጥ የሚያስገድደውን ይህን ድንጋጌ ኮንግረሱ ሊሽረው ይገባል።