የቀፊራ ብቅልና ጌሾ ለቤት ጠላ
ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ የሚሸጠው የገብስ ብቅል ጥሩ ነው፤ መርጦ ለሚገዛ ግን። አንድ ፍሬ አንስታችሁ ንከሱት፤ ቀጭ ብሎ ተሰብሮ ምላስ ላይ ከጣፈጠ ውሰዱት። ከለመጠ ወይም ሻጋታ ሻጋታ ከሸተተ በርካሽም ቢሆን ይቅርባችሁ። ቡቃያው የፍሬውን ያህል ከረዘመ በቂ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ስኳሩን ራሱ በልቶታል።

ጌሾው ላይ ቅር ይላል። ተወቅጦ የሚሸጠው ግንድና አቧራ ይበዛበታል፤ አረንጓዴውን ቅጠል ገዝቶ ቤት መውቀጥ ይሻላል።

ለ20 ሊትር ጠላ ግማሽ ኪሎ ጌሾ፣ 1 ኪሎ ብቅልና 3 ኪሎ ዱቄት ይበቃል። ጋኑን በግራዋ አጥባችሁ በወይራ እጠኑ፣ ከዚያ ጌሾውን ከጥቂት ብቅል ጋር ጠንስሱ። ደጋ ላይ 3 ቀን የሚፈልግ ጥንስስ በድሬ የግንቦት ሙቀት በ2 ቀን ሊደርስ ይችላል። አረፋው መውረድ ሲጀምር ከዱቄቱ የተጋገረውን ቂጣ ቆራርሳችሁ ከቀሪው ብቅል ጋር ደፍድፉ። የድሬ ጠላ ቶሎ የሚኮመጥጠው በሙቀቱ ነው፤ ጋኑን ጥላ ሥር አኑሩና በረጠበ ጆንያ ጠቅልሉት። ድፍድፉ በውሃ ከተበጠበጠ በኋላ ደግሞ "ደረሰ ወይ?" እያሉ ክዳኑን መክፈት አየር ያስገባል፤ ጠላውን ኮምጣጤ የሚያደርገው እሱ ነው።