ለእናቴ እጅ ልክ መደርደሪያ የሠሩልን አናጺ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ ጎረቤቶቼ። እኔ ረጅም ነገር የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ የልጅ ፎቶ ስታወጡ "ይደግልሽ" ብዬ በማለፍ ነው። ዛሬ ግን ካልጻፍኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

አንድ አናጺ ላመሰግን ነው። ስማቸውን እዚህ አደባባይ ላይ አላወጣም፤ "ስልኬን በትነሽ እንዳታስጨንቂኝ፣ የፈለገኝ በሰው ይምጣ" ብለውኛል። ስለዚህ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ፣ የምር የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።

ከቤቱ ልጀምር። የ1997 የኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢ ነኝ። ስመዘገብ ላጤ ነበርኩ፣ ዕጣው ሲወጣልኝ የሁለት ልጆች እናት ሆኜ ነበር። ባለ ሁለት መኝታ፣ አራተኛ ፎቅ። ቁልፍ የተቀበልኩ ቀን ባዶው ሲሚንቶ ላይ ቁጭ ብዬ አልቅሻለሁ፣ በደስታ። ጉዱ የታየው ኑሮ ሲጀመር ነው። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ ማዕድ ቤት ውስጥ አንዱ ሲዞር ሌላው መውጣት አለበት። ሳሎኑ ሶፋና ቡፌ ከገባበት በኋላ በጎን ነው የሚታለፈው። የኛ የሐበሻ ዕቃ ደግሞ ለዚህ ቤት የታሰበ አይደለም። የኤሌክትሪክ ምጣዱ ስፋቱ ብቻ ወደ 60 ሳንቲም ይጠጋል፣ ከነእግሩ ከነክዳኑ የት ይግባ? ጤፉ በኩንታል ነው የሚገዛው። ውሃው በፈረቃ ነውና ስድስት ሰባት ቢጫ ጀሪካን መደርደር ግድ ነው። መሶቡ፣ ረከቦቱ፣ ለበዓል ብቻ የሚወጣው ትልቁ ድስት... እንጀራ እንድንጋግርበት በጋችንንም እንድናርድበት የተሠራው ኮሙናል እኛ ግቢ ከተቆለፈ ቆየ፣ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ የሚያውቅም የለም።

እንዲህ እየተገፋፋን ስንኖር ባለፈው ዓመት እናቴ ከደሴ መጣች። አባቴ ካረፈ በኋላ ብቻዋን መተው አልሆንልኝ አለ። መምጣቷን እንጂ ምን ይዛ እንደምትመጣ አላሰብኩም። የእንጨት ሳጥኗ፣ ሁለት ጆንያ ሽምብራና ባቄላ፣ ሦስት ጀበና፣ እንዝርቷ፣ በጋቢ የተጠቀለለ የሸክላ ምጣድ ሳይቀር ከመኪናው ወረደ። "እማዬ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ በምን እንጨት ልትጋግሪበት ነው?" ብላት "ሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድም" አለችኝ። ሰው ቤት! የልጇን ቤት እኮ ነው። ያቺ ቃል እስካሁን ትቆረቁረኛለች።

ጋሼን ከማግኘቴ በፊት የደረሰብኝን ካልነገርኳችሁ ምስጋናዬ አይገባችሁም። መጀመሪያ የሄድኩት ትልቅ ማሳያ ያላቸው ዘንድ ነው። መብራቱ፣ መስታወቱ፣ የሚጋብዙት ቡና! 60 በመቶ ቀብድ ተቀበሉኝ። "ከውጭ የገባ ኤምዲኤፍ ነው እህቴ፣ የዕድሜ ልክ ነው" የተባለው ካቢኔት አንድ ክረምት አልተሻገረም። አንድ ጀሪካን ሌሊቱን ሲያንጠባጥብ አደረ፣ ጠዋት የታችኛው ሳንቃ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ጠበቀኝ። ጫፉን ብፍቀው ኤምዲኤፍ የተባለው ችፑድ ሆኖ ተገኘ፣ ያ ከእንጨት ፍርፋሪ የሚጨመቀው ሳንቃ። ደወልኩላቸው። "ውሃ አስነክተሽው ነዋ!" አሉኝ። ማዕድ ቤት ውስጥ የሚኖር ካቢኔት ውሃ ያልነካው ምን ይንካው?

ሁለተኛው ጎረምሳ ነው፣ ፎቶ አይቼ የጠራሁት። የሚያምሩ ቤቶች ነበሩ ፎቶው ላይ፣ የማን እንደሆኑ እንጃ። "ሐሙስ እመጣለሁ" አለ፣ ሦስት ሐሙስ አለፈ። ሲመጣ ሜትር አልያዘም። በስንዝር ለካ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? የሰቀለው መደርደሪያ አስራ አንድ ቀን ቆየና ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከነሰሐኑ ወረደ። ሌባ የገባ መስሎን ባለቤቴ መጥረጊያ ይዞ ወጣ። የሠርጌ ስጦታ ከነበሩት አስራ ሁለት ሰሐኖች ሦስት ተረፉ። የልጁ ስልክ እስከዛሬ ዝግ ነው። እነማን እንደሆኑ አትጠይቁኝ፣ ለፈጣሪ ሰጥቻቸዋለሁ። (እውነቱን ለመናገር ሙሉ በሙሉ አልሰጠኋቸውም፣ ይህንን ስጽፍ ደሜ እየፈላ ነው።)

ብሩ ይቅር። እኔን የጎዳኝ ሌላው ነው። እነዚያ ትልልቆቹ ካቢኔቱን ኮርኒስ ሊነካ ትንሽ እስኪቀረው አድርገው ነው የሰቀሉት። እናቴ አጭር ናት፣ ቀኝ ትከሻዋም ወደ ላይ አይነሳላትም። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በርጩማ ላይ ወጥታ ሽሮ ልታወርድ ስትል ተንሸራትታ፣ የእጇ አንጓ አብጦ፣ "ምንም አልሆንኩም" እያለች አገኘኋት። ወጌሻ አየላት፣ ዳነች። ግን ከዚያ ቀን በኋላ ማዕድ ቤት መግባት ተወች። ስድስት ልጅ አሳድጋ፣ ስንት ሠርግና ስንት ተዝካር የደገሰች ሴት ሶፋ ጥግ ቁጭ ብላ "ውሃ አቀብዪኝ" የምትል እንግዳ ሆነች።

ጋሼን የጠቆመችኝ የሚካኤል ማኅበር ጓደኛዬ ናት። "እሳቸው ጋ ደውይ፣ ግን ብዙ ይጠይቁሻል" አለችኝ። እውነቷን ነው። ከአንድ ተለማማጅ ልጅ ጋር መጡ፣ እርሳስ ጆሯቸው ላይ ሰክተው። ሜትራቸውን ሳያወጡ ጥያቄ ጀመሩ። ስንት ናችሁ? ወጥ የሚሠራው ማነው? ጤፍ ስንት ስንት ትገዣለሽ? ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? እንጀራ በስንት ቀን ትጋግሪያለሽ? የቤት ቆጠራ የመጡ ነው የመሰለኝ። በሆዴ "ይሄም ሌላ ጣጣ" አልኩ፣ ይቅር ይበሉኝ።

ከዚያ ዞር ብለው እናቴን አዩ።

"እማማ፣ ለአንድ ጉዳይ ፈልጌዎት ነበር፤ ወደዚህ ብቅ ይሉልኛል?"

"እኔ ምን አውቄ ልጄ፣ የቤቱ ባለቤት እሷ ናት።"

"ግድ የለም፣ እርስዎ ይሻላሉ።"

ግድግዳው አጠገብ አቆሟት። "በሚሻልዎት እጅ ሳይሆን በሚያምዎት እጅ ነው የምፈልገው። እስከማያምዎት ድረስ ብቻ ወደ ላይ ያንሱልኝ" አሏት። አነሳች። ጣቷ የደረሰበት ቦታ ላይ በእርሳስ አሰመሩ። "አሁን ደግሞ ጉልበትዎ እስከፈቀደልዎት ዝቅ ይበሉ።" ዝቅ አለች፣ እዚያም አሰመሩ። ከዚያ እርሳሱን መልሰው ጆሯቸው ላይ ሰኩና "በነዚህ በሁለቱ መስመሮች መሀል ያለው የእርስዎ ነው እማማ። ከዚህ በላይ የልጆቹ፣ ከዚህ በታች የጀሪካኑ። በሉ አሁን ሽሮው የት ይሁን?" አሏት።

እናቴ ሳቀች። ከደሴ ከመጣች እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። መጀመሪያ አፍራ "የፈለጋችሁት ቦታ" አለች፣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ግን አዛዥ ሆነች። በርበሬው ከምድጃው ይራቅ፣ ሙቀት ይጎዳዋል። ጨው ከመስኮቱ ይሽሽ። ቡናው ከረከቦቱ አይለይ። ጋሼ "እሺ እማማ፣ እሺ" እያሉ ግድግዳው ላይ ይጽፋሉ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እንባዬን በነጠላዬ ጫፍ እጠርጋለሁ። ያንን ጽሑፍ ቀለም አስቀብቼ አላጠፋሁትም፣ ከካቢኔቱ ኋላ አሁንም አለ።

ሥራውን በደንብ መተንተን አልችልም። ግድግዳው ብሎኬት ስለሆነ ዝም ብሎ ብሎን እንደማይዝ ነግረውኛል፣ ፊሸር ምናምን እያሉ አንድ ነገር አድርገዋል፣ አልገባኝም። የገባኝ ሰቅለው ሲጨርሱ ተለማማጁን "ተንጠልጠልበት" ማለታቸው ነው። ልጁ ተንጠለጠለ፣ መደርደሪያው ንቅንቅ አላለም።

ደግሞ አዲስ ካቢኔት አልሠሩልኝም! የላይኞቹን አይተው "እነዚህ ምን ሆኑና ይጣላሉ?" ብለው ነቅለው ወደ እናቴ መስመር አወረዷቸው። የተበላሸውን የታችኛውን ብቻ ቀየሩ። የጀሪካኖቹን ቦታ ከመሬት ከፍ ባለ የብረት እግር ላይ አድርገው የተራረፈ ሴራሚክ አነጠፉበት፣ አሁን ቢንጠባጠብም ተወልውሎ ያልፋል። ለጤፉ ጆንያ የእንጨት ርብራብ ሠሩ። "ጤፍን ነቀዝ አይደፍረውም፣ እርጥበት ነው የሚጥለው፣ መሬት አታስነኪው" አሉኝ። ሽምብራውና ባቄላው ግን ነቀዝ የሚወዳቸው ናቸውና ክዳኑ ጥብቅ ወደሆነ በርሜል ተዛወሩ። ምጣዱን ጎማ ባለው ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት፤ ሲጋገር ይጎተታል፣ ሲያበቃና ሲበርድ ተመልሶ ከመደቡ ሥር ይገባል። ስድስት ዓመት ስደናቀፍበት የኖርኩት ምጣድ ነው ይሄ!

ሳሎኑን በተመለከተ፣ እኔ ያሰብኩት ትልቅ ቡፌ ማሠራት ነበር። ለሳቸው እኮ ጥሩ ገንዘብ ነው። "ያለሽንም ሽጪው" አሉኝ። ሸጥኩት። በቦታው በመስኮቱ ልክ ክዳን ያለው ረጅም መቀመጫ ሠሩልኝ፣ ከላይ ሰው ይቀመጥበታል፣ ከውስጥ ብርድ ልብሱና የበዓሉ ድስት አለ። ቡፌው ከልሎት የነበረው ብርሃን ገባ። እንግዳ ሁሉ "ቤቱን አሰፋችሁት እንዴ?" እያለ ነው።

አልጋ ሥር የወሸቅኳትን የእናቴን ሳጥን ደግሞ ያገኟት ራሳቸው ናቸው። ጎትተው አውጥተው ክዳኗን ዳበሱ፣ አሸተቱ። "ዋንዛ ናት። ይቺ ጌጥ ናት እንጂ አልጋ ሥር የምትከተት አይደለችም" ብለው ጠርገው፣ ዘይት ቀብተው፣ ሳሎን መሀል አኖሯት። ረከቦቱ ዛሬ እሷ ላይ ነው። የስንት ሺህ ብር ጠረጴዛ ሳማርጥ ስዞር እናቴ ሠርጓ ቀን የተቀበለችው ሳጥን ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። እናቴ አሁን በየጠዋቱ በነጠላዋ ትወለውላታለች።

እንከን የላቸውም አልልም። አራት ቀን ያሉት ሰባት ቀን ፈጀ። ሬዲዮናቸውን ከፍ አድርገው ነው የሚሠሩት፣ የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ አኩርፋኛለች። ግን የቀሩበትን ቀን ማለዳ ደውለው "ቀብር አለብኝ፣ አልመጣም" ብለው አስታወቁኝ። ያለፉትን ለቀመሰ ይቺ ጥሪ ምን ማለት እንደሆነች ይገባዋል። በየማታው መጋዙ የረጨውን ራሳቸው ጠርገው ነው የሚወጡት። በመጨረሻው ቀን ደግሞ ከእንጨት መግዣው የተረፈ ብለው 1,400 ብር ከነደረሰኙ መለሱልኝ። ደግሜ ልጻፈው፦ አናጺ ገንዘብ መለሰልኝ!

ባለፈው ሳምንት መብራት ጠፋ፣ እንደተለመደው። ከሥራ ገብቼ በስልኬ መብራት ደረጃውን ስወጣ የቡና ሽታ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ተቀበለኝ። የሌላ ሰው ቤት መስሎኝ ነበር። በሩን ስከፍት እናቴ በአንዲት ሻማ ቡናውን አቅርባለች፣ የከሰል ምድጃው በረንዳ ላይ ነው፣ የሽሮ ድስቱም ተንተክትኮ ወርዷል። "በጨለማ ሽሮውን እንዴት አገኘሽው?" አልኳት። "እጄ ያውቀዋል" አለችኝና "ጫማሽን አውልቂ፣ ቤቴን ጠርጌዋለሁ" ብላ ተቆጣችኝ።

ቤቴን።

ጋሼ፣ ይህንን ሰው ያነብልዎታልና፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ እጅዎ ይባረክ፣ ያ ተለማማጅ ልጅም እንደርስዎ ይሁን። እናንተ ደግሞ ጠባብ ቤት ያላችሁ፣ በተለይ አዛውንት የያዛችሁ፣ እባካችሁ ብራችሁን ማሳያ ላለው ሁሉ አትበትኑ፣ እሳቸውን ጠይቁኝ። ሶፋ አይሠሩም፣ አልጋም "ሌላ ፈልጊ" ነው የሚሉት፣ ስለዚህ ለዚያ አትደውሉላቸው። እስከ ፋሲካ ሥራ ይዘዋል፣ ቸኩላችሁ እንዳትነዘንዟቸው። ሲመጡም ቤተሰቡ ሁሉ እቤት ይሁን፣ መለካታቸው አይቀርም።