ደሴ ላይ ፕላን የምታሠሩ ሰዎች፣ ይቺን ኢንጂነር ልጠቁማችሁ

ማክሰኞ የግንባታ ፈቃዳችን እጃችን ገባ። ማህተሙን ሳይ እንባዬ መጣ። እዚህ ያደረሰችንን ሴት በሰው ፊት ሳላመሰግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናታችን ጦሳ ተራራ ሥር ያለውን ግቢዋን ትታልን አረፈች። እኔና እህቶቼ ለ12 አረጋውያን መጦሪያ ልናደርገው ተስማማን። ልጆቻቸው ዐረብ አገርና አዲስ አበባ ሆነው ብር የሚልኩላቸው፣ ግን ውሃ የሚያቀብላቸው ያጡ እናቶችና አባቶች ሰፈራችን ውስጥ ብዙ ናቸው። «ኮምቦልቻ ይሻላል፣ ሜዳ ነው፣ ይሞቃል» ያሉን ነበሩ። እውነት ነው፣ ሩቅም አይደለም፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እማማዎቹን ስንጠይቃቸው ግን ከዕድራቸው፣ ከቤተ ክርስቲያናቸው፣ ከመስጊዳቸው መራቅ አልፈለጉም። ስለዚህ ደሴ ሆነ። ደሴ ደግሞ ዳገት ነው።

መጀመሪያ የያዝነው ባለሙያ ፎቅ ነድፎ፣ እንደ ተራ መኖሪያ ቤት አድርጎ አስገባው። ሁለቴ ተመለሰ። ግቢው በከተማው ፕላን ላይ መኖሪያ ተብሎ ስለተቀመጠ መጀመሪያ ለአገልግሎት ለውጡ የፕላን ስምምነት፣ ማለትም ግቢውን ለመጦሪያ ማዋል እንደምንችል የከተማውን ይሁንታ፣ ማግኘት ነበረብን። ይህን የነገረን ሰው የለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃን፣ አንድ ፎቅ ባይኖረውም፣ ምድብ ሐ በሚባለው፣ ጥብቅ ቁጥጥር በሚደረግበት የሕንፃ ምድብ ውስጥ ነበር የሚያስገባው። ስምንት ወርና ብዙ ብር እዚያ ቀረ።

ከዚያ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ይቺን ኢንጂነር ጠቆመችኝ። ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ቢሮ አላት። የመጀመሪያው ቀን ወረቀት እንኳ አላወጣችም። «መጀመሪያ ግቢውን ልየው» አለች። የ81 ዓመት አክስቴን ክንዷን ይዛ ከውጭ በር እስከ ሳሎን አብራት ሄደች። አክስቴ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቆማ ግድግዳውን ያዘች። ልጅቷ ምንም ሳትል ሜትሯን አወጣች። ደረጃው አምስት ነው፣ እያንዳንዱ 15 ሳንቲ ሜትር፣ በድምሩ 75። «ተሽከርካሪ ወንበር 1 ሳንቲ ለመውጣት 12 ሳንቲ ተዳፋት መንገድ ይፈልጋል፤ እዚህ 9 ሜትር ያስፈልገናል» አለችና ያንኑ 9 ሜትር መሬቱ ላይ በኖራ አሰመረችው። ፎቁ የዚያን ዕለት ቀረ።

ከሁሉም የከበደን ጎረቤት ነበር። በሽተኛ ሊሰበሰብ ነው፣ ሰፈሩ የለቅሶ ቤት ሊሆን ነው የሚል ወሬ ተነዛ። አልፈርድባቸውም፣ ያስረዳቸው አልነበረም። ቅዳሜ ቡና አፍልተን ጠራናቸው። ንድፉን ምንጣፍ ላይ ዘርግታ ፍሳሹ በየት እንደሚሄድ፣ አምቡላንስ የት እንደሚዞር፣ የማን መስኮት ወደ ማን ግቢ እንደሚያይ አንድ በአንድ አሳየቻቸው። ዋነኛ ተቃዋሚያችን የነበሩት ሐጂ ኖራውን ተከትለው እስከ መጨረሻው ሄዱ። ተመልሰው «ይቺ ለእኔም ትሆነኛለች» አሉና የመጀመሪያውን ፊርማ አኖሩ።

ቢሮ ለቢሮ ስንዞር «ሰው እናናግር ወይ?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። «አብሽሪ፣ ፋይሉ ራሱ ይናገራል» አለችኝ። ተናገረም። የአፈር ምርመራው፣ ስትራክቸሩ (የሕንፃው ተሸካሚ አካል ንድፍ)፣ ሳኒተሪው (የውሃና የፍሳሽ መስመሩ)፣ ኤሌክትሪኩ ሁሉ ተሟልቶ ነው የገባው። አዋጁ የሕዝብ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ ይኑረው እንደሚልም ጠቅሳ፣ ያን 9 ሜትር ከነማረፊያው ለብቻው በአንድ ገጽ ነድፋ አያይዛለች። አንዴ ብቻ ለመኪና መዞሪያው ማስተካከያ ተጠየቅን፣ በሁለት ቀን መለሰች። ዋጋዋን መጀመሪያ ቀን በጽሁፍ ሰጥታን ነበር። አንድ ብር አልጨመረችም።

እህቴ፣ ለአክስቴ ክንድሽን ስለሰጠሻት እግዚአብሔር ያክብርሽ። አክስቴ እስካሁን «ያቺ ልጅ መቼ ነው የምትመጣው?» ትላለች።

ስሟን እዚህ እንዳልጽፍ ራሷ ለምናኛለች። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቁጥሯን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ስትሄዱ የይዞታ ካርታችሁን ኦርጅናሉንም ኮፒውንም ያዙ። ቤቱ ውስጥ የሚኖር ሽማግሌ ወይም አሮጊት ካለ ግቢውን ልታይ ስትመጣ ቤት ይቆዩላት፣ እነሱን ሳታናግር ሥራ አትጀምርም።